የሙዚቃ ሸክላና የማጫወቻው መርፌ አጠባ፦ ደሴ ላይ የሠራልኝ ዘዴ

በወሎ ከየቤቱ የሚወጣ አሮጌ ሸክላ ያለበት አቧራ ብቻ አይደለም። ቡና በሚፈላበት ክፍል ዓመታት ስለተቀመጠ የዕጣን ጢስ ጠጥቷል። ጢሱ ሙጫ አለው፤ ሙጫው ድምፁ የተቀረጸበት ቀጭን መስመር ውስጥ ገብቶ አቧራውን አጣብቆ ይይዘዋል። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል ላዩ ያብረቀርቃል፣ ድምፁ ግን መንጫጫቱን አይተውም። ውሃ ብቻውንም ሙጫ አያሟሟም፤ ጥቂት አልኮል ይፈልጋል።

አልኮል ከመንካቴ በፊት ግን ሸክላው ከምን እንደተሠራ አያለሁ። በ1960ዎቹ የወጡት የአምሃ፣ የካይፋና የፊሊፕስ አሳታሚዎች ትንንሽ ባለ 45 ዙሮች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ፕላስቲክ ናቸው፣ አልኮሉን ይችሉታል። ባለ 78 ዙሮቹ፣ እንደ ጥንቱ ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘመን ያሉት፣ ሌላ ነገር ናቸው፦ ከባድ፣ የማይለመጡ፣ ሲወድቁ እንደ ብርጭቆ የሚበታተኑ። የተሠሩበትን ሼላክ የተባለ የተፈጥሮ ሙጫ አልኮል ያሟሟዋል። እነሱን በንጹሕ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና ብቻ አጥቤ ቶሎ አደርቃለሁ።

ለአንድ ሊትር ማጠቢያ 800 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል እና ሦስት ጠብታ ቀለምና ሽታ የሌለው የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የተገኘው ባለ 70 በመቶ ከሆነ 285 አልኮል በ715 ውሃ፣ ያው 20 በመቶ ይመጣል። የእጅ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ስላለው አይሆንም፣ ቀለም የገባበት ስፒሪትም አይሆንም፣ አረቄማ ለእንግዳ ይቀመጥ። አልኮሉ ስለሚቀጣጠል ከሰል ከተያያዘበት ክፍል ወጥቼ ነው የምሠራው።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የቧንቧ ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ የሟሟውን ማዕድን ሁሉ አያወጣም። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርቄ አያለሁ፤ ነጭ ቀለበት ከተወ ያው ቀለበት መስመሩ ውስጥም ይቀራል። የመኪና ባትሪ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዲስቲልድ ውሃ አላቸው፣ ግን አሲዱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ጽሑፉን ሳላነብ አልገዛም።

የመሃሉ ወረቀት ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ክዳኖች መሃላቸውን ቀድጄ፣ ጠርዛቸው ላይ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት አጣብቄ፣ ሸክላውን በመሃል አድርጌ በቡሎንና በዳዶ አጠብቃለሁ። ከልክ በላይ መጥበቅ የለበትም፤ ውሃ ካላሳለፈ በቂ ነው።

አጠባው ራሱ አጭር ነው። ደረቁን አቧራ መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አነሳለሁ፣ አለዚያ አሸዋው ከውሃው ጋር ይፈጫል። ለአንድ ገጽ 10 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሼ፣ ሳይደርቅ ሁለት ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ በብሩሽ መስመሩን ተከትዬ አሥር ዙር ወደ አንድ በኩል፣ አሥር ወደ ሌላው። መስመሩን አቋርጦ መፈተግ ጭረት ያመጣል። ዕጣን የበላው ሸክላ ፈሳሹን ቡናማ ያደርገዋል፤ እሱን አፍስሶ መድገም ነው።

ትልቁ ነገር ማለቅለቁ ነው፣ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱን ነው። አልኮሉና ውሃው ይተናሉ፤ ሳሙናውና የላላው ቆሻሻ ግን አይተኑም፣ ሲደርቁ መስመሩ ሥር ይጋገራሉ። «ካጠብኩት በኋላ ባሰበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው፦ መርፌው የተጋገረውን እየቆፈረ ይሄዳል፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጫፉ ላይ ግራጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ይሰበሰባል። ሸክላውን ዘንበል አድርጌ፣ ከላይ ወደ ታች ለእያንዳንዱ ገጽ 100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ አወርድበታለሁ። ብሩሹም ሌላ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ።

ከዚያ የሳህን ማድረቂያ ላይ አቆመዋለሁ። ጠብታውን በማይክሮፋይበር ጨርቅ ነካ ነካ ማድረግ ይቻላል፤ ጋቢና ነጠላ ክር ይተዋሉ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይጣመማል። ኮምቦልቻ ላይ በመስኮት በኩል የሚገባው ፀሐይ ብቻ እንኳ ያሰጋኛል። ደሴ በክረምት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፦ ጉሙ ሲወርድ ግማሽ ቀን አይበቃም፣ አዳር አሳድረዋለሁ። እርጥብ ሸክላ አሮጌው የወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተመለሰ ሻጋታ ያበቅላል። አሮጌውን ከረጢት መልሼ አልጠቀምም።

መርፌውን ሳላጸዳ የታጠበ ሸክላ አላስነካም። የድምፅ ማጉያው ይጠፋል፣ ሸክላው የሚዞርበት ሳህን ይቆማል። በጣም ለስላሳ ትንሽ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ፣ ማለትም ሸክላው ከመርፌው ሥር በሚያልፍበት አቅጣጫ፣ ይሳባል። ከፊት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ከሄደ መርፌውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ትታጠፋለች። የደረቀ ነገር ካልለቀቀ ነጩን የሜላሚን ስፖንጅ ቆርጬ ሳህኑ ላይ አስቀምጥና መርፌውን በማንሻው ቀስ ብዬ አወርድበታለሁ፣ አነሳለሁ፤ ወደ ጎን መጎተት የለም። አልኮል እዚህ ቦታ የለውም፤ በዘንጓ ሽቅብ ተስቦ ሙጫውንና ጎማውን ሊያበላሽ ይችላል። ውጤቱን በሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር አያለሁ።

አሮጌዎቹ ማጫወቻዎች ላይ የሚገለበጥ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ካለ፣ የ78ቱ ጫፍ ለ45 እንዳይውል ይታይ። የ78ቱ ጫፍ ራዲየስ ወደ 76 ማይክሮን፣ የ45ቱ ወደ 18 ነው፤ ወፍራሙ ቀጭኑን መስመር ይበላዋል።

ለመፈተኛ ማሲንቆ ያለበትን የአምባሰል ወይም የባቲ ቅኝት እመርጣለሁ። ማሲንቆ ድምፁን ረጅም ስለሚስብ እንከኑ ይጋለጣል፣ ክራር ይደብቀዋል። በባለ 45 ዙር ላይ በየ1.33 ሴኮንዱ የምትመለስ «ጠቅ» ጭረት ናት፣ አጠባ አያስለቅቃትም። ያለ ሥርዓት የሚንጫጫ ከሆነ ቆሻሻ ሊሆን ስለሚችል አንድ ጊዜ ደግሜ አጥበዋለሁ። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ብቻ የሚሻክር ከሆነ መስመሩ ተበልቷል፤ እሱን ማጠቤን ትቼ፣ የባሰ ሳይበላ ወደ ኮምፒውተር እቀዳዋለሁ።