ያልሮጥንባቸው ኦሊምፒኮች

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ሩጫ እፈልጋለሁ። ትናንት ማታ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ 10 ሺህ ሜትር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. 1980። ራሰ በራ፣ አጭር፣ ቀጭን ሰውዬ። ስለ ዕድሜው ዓለም ሁሉ ሲከራከር ነበር። መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱም አብረውት አሉ። 300 ሜትር ሲቀር ማርሹን ቀየረ። በቃ፣ አለቀ።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው አምስተኛ የወጣው ሰው ላይ ነው፤ ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን። በ1972 ሙኒክ ላይ፣ በዚሁ ርቀት፣ መሐል ላይ ወድቆ ተነሥቶ አሸንፏል። ምሩጽ ሦስተኛ ነበር። በ1976 ሞንትሪያል ደግሞ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቅልሎ ወሰደ። ምሩጽስ? አልሮጠም። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነበረባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫወተ። ኒውዚላንድ ትታገድ ሲባል ሰሚ ጠፋ። እኛም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ጥለን ወጣን።

ይሄኛው ቅር አይለኝም። ከባድ ዋጋ ነው፣ ግን ጉዳዩ የራሳችን ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉን ተከትላ የገባችው እኮ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ናት። ደራርቱ ጠበቀቻት፣ ተቃቀፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ሎስ አንጀለስና ሶል ግን ያንገበግቡኛል። በ1984 ሶቪየት ቀረች፣ ደርግም ተከትሎ ቀረ። በ1988 ደግሞ፣ አዘጋጇ ባላንጣዋ ደቡብ ኮሪያ ስለነበረች፣ ለሰሜን ኮሪያ ሲባል። ምናችን ነበረች? ከበደ ባልቻ በ1983 ሄልሲንኪ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር አምጥቶ ነበር። በዓመቱ ኦሊምፒክ የለም።

ከሁሉ የሚብሰው የበላይነህ ዴንሳሞ ነው። ሚያዝያ 1988፣ ሮተርዳም፣ ማራቶን በ2:06:50። የዓለም ክብረ ወሰን! አሥር ዓመት ማንም አልነካውም። በዚያው ዓመት የሶልን ማራቶን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 አሸነፈ። አውቃለሁ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ለሰዓት አይሮጥም፤ ማን ያውቃል፣ በላይነህም ሊሸነፍ ይችል ነበር። ሮጦ ቢሸነፍ ግን አንድ ነገር ነው። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሳይኖረው ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ታናሽ እህቴን «በላይነህ ዴንሳሞን ታውቂዋለሽ?» አልኳት።

«ዘፋኝ ነው?» አለችኝ።