«ፋይ!» ከሚለው ልጅ ጋር ያሳለፍኩት አራት ሳምንት

5ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። ክፍልፋይ ስንጀምር አንዱ ተማሪዬ አዲስ ነገር አመጣ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ «ክፍልፋይ» ስል ከኋላ «ፋይ!» ይላል። «ታህት» ስል «ህት!» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ዞሬ እቆጣለሁ። እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ፈገግ ይላል። ንቀት የለበትም፤ ደስ ያለው ልጅ ፈገግታ ነው። መመዝገብ የጀመርኩት ያንን ፈገግታ ካየሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቆጠርኩ ብቻ። በረበሸ ቁጥር ደብተሬ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት። ሰኞ በ40 ደቂቃ ውስጥ 14 ሆነ። ከ14ቱ 11ዱን ጊዜ ስሙን ጠርቼ ተቆጥቼዋለሁ። እጁን አውጥቶ ዕድል የሰጠሁት ስንት ጊዜ ነው? አንድም። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ ስሙ የሚጠራበትን መንገድ አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱንም ያሳየሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ጭራሽ ባሰበት። ማክሰኞ ጭረቱ 19 ደረሰ። ረቡዕ እርሳሱን ጥሎ ዴስክ ሥር ገባ፤ ደሜ ፈላና ጮህኩበት። የለመደው ምላሽ የቀረበት ልጅ መጀመሪያ ጨምሮ ሊሞክር ይችላል፣ የሚተወው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ሊተው ሲቃረብ እጄን ሰጠሁ። «በደንብ ከረበሽክ እሰማሃለሁ» ብዬ አስተማርኩት ማለት ነው።

ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1968 (በፈረንጆቹ) ያወጡት ጥናት አለ። ደንብ መንገር ብቻውን ብዙ አልለወጠም። ረብሻውን ማለፍና መልካሙን ማመስገን አብረው ሲሄዱ ግን ሠራ። እኔ ማለፉን ብቻ ይዤ ማመስገኑን ትቼዋለሁ። ደግሞም እኔ ዝም ብል 57ቱ ይስቁለታል። (ሌላ ልጅ የሚመታ ከሆነ ግን ዝም አይባልም፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ጀርባዬን እንዳልሰጥ ምሳሌዎቹን ልጆቹ ሳይገቡ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ሳስተምር እሱ ዴስክ አጠገብ እቆማለሁ። ሁለተኛው፣ በየቀኑ በእረፍት ሰዓት ሁለት ደቂቃ አወራዋለሁ። ስለ ጠባይ አንድም ቃል አላነሳም። የመጀመሪያ ቀን መሬት መሬት እያየ «እሺ ቲቸር» ብቻ አለኝ። በሦስተኛው ቀን «ቲቸር፣ እርግብ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሰባት እርግቦች አሉት። አንዷ ነጭ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አድራ አልመለስ ብላዋለች። እጁን እያወናጨፈ እንዴት በእህል እንደሚጠራት አሳየኝ። ያን ልጅ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይረብሽ፣ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ጠራሁት። «ከሰባት እርግብ ሁለቱ ቢበሩ፣ የበረሩት ስንት ሰባተኛ ናቸው?» ተነስቶ «ሁለት ሰባተኛ፤ ግን ማታ ይመለሳሉ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ አብሬ ሳቅኩ። ያን ቀን 6 ጭረት ነበር።

አንድ ባልደረባዬ «58 ልጅ እያለ ለአንዱ ጊዜ ከየት ይመጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ 40 ደቂቃ ለ58 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 41 ሰከንድ ገደማ ነው። ግን 11 ጊዜ መቆጣትና ክፍሉን መልሶ ማረጋጋት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይበላል።

በአራተኛው ሳምንት የቀኑ ጭረት በ3 እና በ5 መካከል ነው። አርብ ብቻ 9 ሆነ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በእጄ ምልክት ከሰጠሁት በኋላ «ፋይ» ማለቱን ለአፍታ ያቆማል፣ ከዚያ እጁን ያወጣል። እጁ ሲወጣ ቶሎ ለመጥራት እጥራለሁ።

ደብተሬን ሳገላብጥ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የጠራኋቸውን ልጆችም መመዝገብ ጀምሬ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስማቸው አንዴም ከአፌ ያልወጣ 9 ልጆች አሉ። አንዷ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ናት፤ ደብተሯ ንጹህ፣ የቤት ሥራዋ ሁሌ የተሠራ። ድምፅዋን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ሰኞ በእሷ እጀምራለሁ።