በሁለት ፊደል ስም የወጣ የተማሪ ሙዚቃ መጽሔት፦ ዲዛይኑን ስንሠራ የቀሰምነው

የክበባችን ሙዚቃ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ወጣ። ስሙ «ምት» ነው። ጎንደር ውስጥ የሚሰማውን ሁሉ፣ ከአዝማሪ ቤት እስከ ሰፈር ልጆች ራፕ ድረስ እንጽፍበታለን። የጽሑፉን ነገር ሌሎቹ ይንገሯችሁ። እኔ የያዝኩት ዲዛይኑን ስለሆነ ስለ እሱ ብቻ ላውራ። በየትምህርት ቤታችሁ መጽሔት ልታወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሥራውን የጀመርነው የውጪዎቹን በማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረውን ሮሊንግ ስቶንን፣ በ1981 እንግሊዝ የተጀመረውን ኬራንግን ኢንተርኔት ላይ እየፈለግን ሽፋናቸውን ጎን ለጎን ደረደርን። ሁሉም ጋ ያለው ደንብ ያው ነው። ስሙ ከላይ በትልቁ ይጻፋል። መሃል ላይ አንድ ሰው ዓይን ዓይናችንን ያየናል። ግራና ቀኝ የውስጥ ርዕሶች አሉ። ጥግ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ዋጋ፣ ከታች ባርኮድ። የሙዚቃው ዓይነት ደግሞ ከስሙ አጻጻፍ ይታወቃል። ኬራንግ የሮክ ስለሆነ ፊደሎቹ የተሰነጣጠቁ ናቸው፤ ስሙም የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ነው።

ባርኮዱን ወዲያው ጣልነው። መጽሔታችን እጅ በእጅ የሚሰጥ ነው፤ ማን ሊያነበው? ለማስመሰል ብቻ የሚለጠፍ ነገር ደስ አይለኝም። በቦታው ኪውአር ኮድ አስገባን፤ ስልኩን የደቀነበት ሰው የመሰንቆ ቅጂ ይሰማል።

ዋናው ትግል የመጣው በፊደል በኩል ነው። በእንግሊዝኛ ርዕስ እንዲጮህ ከተፈለገ ሁሉም በትልልቁ ፊደል ይጻፋል። የአልበም ስም ሲመጣ ፊደሉ ጋደም ይላል። እኛ ግን ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ጋደም ያለውም የሚወጣው ኮምፒውተሩ ቀናውን ፊደል ገፍቶ ሲያዘምመው ነው፤ ዓይን አይወደውም። ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ደግሞ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል፤ የመ እና የዐ ክብ ውስጡ ይደፈናል። ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባለው ሌላ ፊደል ሠራን። ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ በየደረጃው የተሳለ ነው። ርዕሱን በወፍራሙ፣ የጸሐፊውን ስም በቀጭኑ አደረግን። የአልበም ስም ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ገባ፤ በቃ።

የሽፋኑን ስም ግን መጀመሪያ ባለው ወፍራም ፊደል ነበር የጻፍነው። ረቂቁን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ራቅ ብለን ስናየው አንዷ ልጅ «ሞት የሚል መጽሔት ማን ያነባል?» አለች። ሳቅን፤ ግን እውነቷን ነው። ፊደሉ ሲደነድን ም እና ሞ ከሩቅ አይለዩም። አንድ ደረጃ አቀጠንነውና መጠኑን ጨመርን። ሁለት ፊደል ብቻ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ የሽፋኑን ስፋት ሙሉ ያዘ።

ፎቶው የጓደኛችን አጎት ናቸው፣ አዝማሪ። ሲጫወቱ ዓይናቸው ከመሰንቆው አይነሳም። ደንቡ ደግሞ አንባቢውን ይዩ ይላል። የሚጫወቱበትን ፎቶ ወደ ውስጥ አስገብተን፣ ደጋኑን ዝቅ አድርገው ካሜራውን ያዩበትን ሽፋን ላይ አወጣን። ሌላም ነገር ነበር። ትልልቆቹ መጽሔቶች የሰውዬው ጭንቅላት ስማቸውን በከፊል እንዲሸፍን ይተዉታል፤ አንባቢ ስሙን ስለሚያውቅ ያምርባቸዋል። ይኼ ለአንደኛ እትም አይሆንም። እኛ ጋ የመሰንቆው አንገት በ«ም» እና በ«ት» መሃል ሲገባ ሦስተኛ ፊደል መሰለ። ፎቶውን ወደ ታች አወረድነው።

ቀለም ላይ ክርክር ተነሳ። ግማሹ ልጅ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይሁን አለ፤ ሌላው የፋሲል ግቢ ካልገባበት ጎንደር አይመስልም አለ። ግንቡን እኔም እወደዋለሁ። ግን ከዳቦ ቤት ታፔላ እስከ ባጃጅ ጀርባ ያልተሳለበት የለም፤ ስለ ሙዚቃም የሚናገረው የለም። ቀለሙን ከመሰንቆው ወሰድን፦ የቆዳው ነጣ ያለ ቢጫ፣ የእንጨቱ ቡኒ፣ ለርዕስ አንድ ደማቅ ቀይ። ከሦስት ቀለም አናልፍም ብለን ተስማማን። የመሰንቆው ገላ አራት ማዕዘኑን በሹል የቆመ ስለሆነ እሷን ቅርጽ አሳንሰን በየገጹ ቁጥር ዙሪያና በየጽሑፉ መጨረሻ ደገምናት። ከሽፋን እስከ ጀርባ አንድ እጅ የሠራው እንዲመስል ያደረገችው እሷ ናት።

ቀዩን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የብራና መጻሕፍት ትልቅ ፊደል ሳይኖራቸው መክፈቻ መስመሮቻቸውን በቀይ ቀለም ይለያሉ። እኛም እንደዚያ አስበን ነበር። ግን ለውስጡ የቀለም ህትመት ከኪሳችን በላይ ሆነ። በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀዩ ግራጫ ሆኖ ከጽሑፉ ይልቅ ይደክማል። ስለዚህ ቀዩ ሽፋን ላይ ቀረ፤ ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር በወፍራሙ ፊደል ጻፍነው። ከድጓም አንድ ነገር ወስደናል። የዜማ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ስለሚጻፍ በመስመሮቹ መካከል ቦታ አለ። እኛም የጭብጨባ ምት የምናስተምርበት ገጽ ላይ መስመሩን አራርቀን፣ እጅ የሚያርፍበት ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደረግን። ከመጽሔቱ ሁሉ የምወደው ገጽ እሱ ነው።

ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይኼን ያዙ። ኤ4 ወረቀት አጥፋችሁ ኤ5 መጽሔት ስትሠሩ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። የእኛ 4 ወረቀት ነው፤ 16 ገጽ ይወጣዋል። ሲታጠፍ ገጽ 1 እና ገጽ 16 አንድ ፊት ላይ ናቸው፤ 2 እና 15 ጀርባው ላይ። ሁለት ገጽ የሚያቋርጥ ትልቅ ፎቶ ካላችሁ ስቴፕለሩ የሚያርፍበት መሃል ላይ፣ ለእኛ 8 እና 9 ላይ፣ አድርጉት። ሌላ ቦታ ግማሹ በአንድ ወረቀት ግማሹ በሌላ ስለሚታተም ሰውዬው አፍንጫው ላይ ይሰበራል። ፎቶው እስከ ጠርዝ ከደረሰ ከመቁረጫው 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት። ለኤ5 ሽፋን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1748 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል። ቴሌግራም ፎቶውን ስለሚያሳንሰው እንደ ፋይል ላኩ።

ከቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቶ በትልቁ መጻፍም አንዱ ደንብ ነው። እኛ የአዝማሪውን ግጥም አወጣን። አንዱ ልጅ ወርቁ ያለበትን ቃል እናድምቀው ሲል፣ ጋሼ «ወርቁን እናንተ ካወጣችሁትማ አንባቢው ምን ሊሠራ ነው?» ብለው ሳቁበት። ሁሉም ቃል በአንድ ውፍረት ሆነ። የገጽ ቁጥሩን በግዕዝ አኃዝ ሞክረን ነበር፤ ከ፲ በላይ ማውጫው ላይ ሰው ሲደናበር አይተን ተውነው።

ያልፈታነው የዓምድ ነገር ነው። የውጪዎቹ ገጹን በሦስት ቀጭን ዓምድ ከፍለው ረጅሙን ቃል በሰረዝ ይቆርጡታል። አማርኛ ላይ «እንዳልተነጋገርንባቸው» የሚል ግስ ሲመጣ ቀጭኑ ዓምድ ውስጥ አይገባም። ሁለቱን ጠርዝ እኩል ስናደርገው በቃላቱ መሃል ጉድጓድ ተፈጠረ። ወደ ሁለት ዓምድ ወርደን የቀኙን ጠርዝ ለቀቅነው፤ ይነበባል፣ ግን ትንሽ የተዝረከረከ ይመስላል። ድሮ ቃልን ከቃል ሁለት ነጥብ ስለሚለየው ጸሐፊው መስመሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ቃሉን ቆርጦ ይወርዳል፤ አንባቢውም አይቸገርም። ለቀጣዩ እትም አንድ ገጽ በሁለት ነጥብ ልንሞክር ነው። ኤ5 ላይ የሞከራችሁ ካላችሁ በስንት መጠን ፊደል እንዳማረላችሁ ንገሩን።