ከቀለሙ በፊት ግሪሱ

አሮጌ ብስክሌት ለማደስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ በሚገኘው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ስፈታና ስገጥም የከረምኩትን ትሬክ 830 የተራራ ብስክሌት ቀለሙን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የተላጠውም እንደተላጠ፣ የተጫረውም እንደተጫረ ይኖራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የተሠራ እንዲህ ያለ የብረት ብስክሌት ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ቀለሙ ስለለቀቀ ሳይሆን፣ ኩሽኔታዎቹ የሚሽከረከሩበት ግሪስ ስለደረቀና መፈታት ያለበት ሁሉ እርስ በርሱ ስለተጣበቀ ነው። ይህንን ያስተካከለ ሰው የሚጋልበው ብስክሌት ይኖረዋል፤ ቀለም ብቻ የቀባ ግን የሚያምር የግድግዳ ጌጥ ነው ያተረፈው።

የግሪስ ነገር በተራራ ብስክሌት ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ከእኛ የባሕር ወሽመጡን ተሻግሮ ባለው ማሪን ካውንቲ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን ከባድና አሮጌ የሽዊን ብስክሌቶች እየለቃቀሙ በአቧራማ ቁልቁለት ይወርዱባቸው ነበር። ከ1976 ጀምሮ ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ የተካሄደው ሪፓክ («እንደገና መሙላት») የተባለው ውድድር ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዘው የኋላ ፍሬን ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ ግሪሱ ጨሶ ስለሚያልቅ፣ ተፈትቶ እንደገና መሞላት ነበረበት። ከእነዚሁ ጋላቢዎች አንዱ የሆነው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ግልቢያ ብሎ አዲስ ቴላዮ (የብስክሌቱን ዋና አጽም) ሠራ፤ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያም በ1981 ስታምፕጃምፐር የተባለውን የተራራ ብስክሌት ጃፓን አስመርቶ በብዛት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት የተራራ ብስክሌት ማለት አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ የገጣጠመው ነገር ነበር።

ምንም ከመፍታቴ በፊት የመረመርኩት ቴላዮውን ነው። ብስክሌቱ በፊት ጎማው አንድ ነገር በኃይል ገጭቶ ከሆነ፣ ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ የታችኛው በኩል፣ ከብየዳው ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ሽብሽብ ያለ እብጠት ይገኛል፤ ቀለሙም እዚያ ቦታ ላይ በአግድም ይሰነጠቃል። ዓይን ሊያልፈው ስለሚችል በጣት መዳሰስ ይሻላል። እንዲህ ያለ ምልክት የተገኘበትን ዕቃ ለመለዋወጫ አስቀምጦ ሌላ መፈለግ ነው እንጂ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም። የእኔው ንጹሕ ነበር።

ትልቁ ትግል የኮርቻው ዘንግ ሆነ። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው ደግሞ ክሮሞሊ ብረት ነው፤ ሁለቱ ተነካክተው ላብና ዝናብ በመካከላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ከዚያ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄትም ከአሉሚኒየሙ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ዘንጉን በቱቦው ውስጥ እንደ ሽብልቅ ቀርቅሮ ያስቀረዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ቱቦውን በእሳት ማሞቅ ያምረዋል። እኔ አልመክርም፤ ቀለሙን ማቃጠሉ ሳያንስ፣ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ዘንጉ ሲዘልቅ ጭራሽ ይጠብቃል። የሚረዳው ዘንጉን በበረዶ ማቀዝቀዝ ነው።

ብስክሌቱን ገልብጬ፣ ፔዳሎቹ የሚያያዙበትን የመሐል ዘንግ ካወጣሁ በኋላ፣ በተከፈተው ቀዳዳ በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ወደ ኮርቻው ቱቦ እያፈሰስኩ ለቀናት ተውኩት። ከዚያም የዘንጉን አናት ሞርሳ ላይ አጥብቄ፣ ቴላዮውን ራሱን መፍቻ አድርጌ በሁለት እጄ ማዞር ጀመርኩ። በወጣትነታቸው ባሕር ዳር ብስክሌት ይጠግኑ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን ቆመው ይመለከቱኝ ነበርና፣ «ግራና ቀኝ እያልክ አባብለው እንጂ በአንድ ወገን ብቻ አትጫነው፤ ቱቦው ይጠመዘዝብሃል» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ እንዳሉኝ አደረግሁ። በመጨረሻ «ቀጭ» የሚል ደረቅ ድምፅ ተሰማ፣ በቱቦው አፍ ዙሪያም ነጭ ዱቄት ረገፈ። ዘንጉ የዞረው እጅግ በጥቂቱ ነበር፤ እሳቸው ግን «በቃ፣ አሁን ያንተ ነው» ብለው ቡናቸውን ሊጠጡ ገቡ። አዲስ ዘንግ የሚገዛ ሰው የድሮውን ውፍረት በካሊፐር ይለካ፤ መጠኖቹ በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚለያዩ በዓይን መገመት አይቻልም። ሲመለስ ደግሞ ግሪስ ተቀብቶ ይግባ፤ ይህች ቅባት በጊዜው ብትኖር ኖሮ ያ ሁሉ ትግል አይኖርም ነበር።

የመሐሉን ዘንግ ለሚፈታ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ በካቴናው በኩል ያለው ጽዋ (የዘንጉን ኩሽኔታ የሚይዘው ክብ ብረት) እንደተለመደው ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው፤ የግራ እግር ፔዳልም እንዲሁ። ይህንን ሳያውቁ በጉልበት ጥርሱን የላጩት ስንት ይሆኑ!

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ሥራ ግን ሞዞዎቹን፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚነሡባቸውን የጎማ መሐሎች መክፈት ነው። የፊተኛው ሲከፈት ግሪሱ ጠጥሮና ጠቁሮ በካቻቢቴ ጫፍ እየተፈቀፈቀ ነው የወጣው። በየጎኑ 3/16 ኢንች የሆኑ 10 ኳሶች ነበሩበት፤ የኋላው ደግሞ በየጎኑ 1/4 ኢንች የሆኑ 9 ኳሶች ይዟል። ኳሶቹን በናፍጣ አጥቦ መመለስ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ እኔ ሁልጊዜ በአዲስ እቀይራለሁ። በጥንቃቄ መታየት ያለባቸው ኳሶቹ የሚንከባለሉባቸው ኮኖች ናቸው፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካላቸው ምንም ያህል ግሪስ ቢሞላ ጎማው እየተንገራገጨ ነው የሚዞረው። ሲገጠም ኮኑን ምንም እንዳይነቃነቅ አድርጎ ማጥበቅም ስሕተት ነው። በእጅ የሚቆለፈው የጎማ ማሰሪያ ሲጠብቅ አክሱሉን በጥቂቱ ስለሚጨምቀው፣ ከመቆለፉ በፊት ለእጅ የምትታወቅ ትንሽ መነቃነቅ መተው አለባት፤ ማሰሪያው ሲቆለፍ እሷም ትጠፋለች።

ስለ ዝገት ብዙ የሚባል የለኝም። ኒኬል የተነከሩትን ክፍሎች በውሃ በረጠበ የአሉሚኒየም ፎይል ፈተግኳቸው፣ ቡሎኖቹን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ አጠብኳቸው፣ የቴላዮውን ውስጥ ደግሞ ዘይት ነፋሁበት።

ፍሬኖቹ ካንቲሊቨር የሚባሉት ናቸው። የፍሬን ጎማዎቹ እንደ ድንጋይ ስለጠጠሩ ያለ ክርክር ይጣላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አደጋ የፊተኛው ፍሬን ላይ አለ። ከእጀታው የሚወርደው ሽቦ በጉዞ ላይ ቢበጠስ፣ ሁለቱን የፍሬን ክንዶች የሚያገናኘው አጭር ሽቦ ጥርሳማው ጎማ ላይ ወድቆ ይያዛል፣ ጎማውም ባንዴ ይቆማል፤ ጋላቢው በመሪው ላይ ይወረወራል። ብስክሌቱ አዲስ ሳለ የፊት አንጸባራቂውን የሚይዘው ትንሽ ብረት ይህን ሽቦ ይመክተው ነበር። የድሮው ባለቤት ለውበት ብሎ አውልቆት ስለነበር ተመሳሳይ ፈልጌ መለስኩት። ያለ እሱ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ቢያጋጥመኝ አስቁሜ እነግረዋለሁ።

ጎማ ሲገዛ «26 ኢንች» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ልኮች ስላሉ በጎኑ ላይ 559 የሚል ቁጥር መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ካቴናው ደግሞ በመሥመሪያ ይለካል፦ አዲስ ሳለ 12 ኢንች የሚሆነው ርዝመት 12 ከ1/8 ከደረሰ ካቴናው ብቻ ሳይሆን የኋላዎቹ ጥርሶችም ተበልተዋል ማለት ስለሆነ አብረው ይቀየራሉ። የእኔዎቹን እንዲያ አደረግሁ።

የቀረኝ የማርሽ መቀየሪያው ነበር። በአውራ ጣት ሲገፋ ምንም ሳይዝ ባዶውን ይመለሳል። በዚያ ዘመን የተሠሩ የሺማኖ መቀየሪያዎች እንዲህ ሲሆኑ ሰው ተሰብሯል ብሎ ይጥላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውስጣቸው ያለው ግሪስ እንደ ሙጫ ጠንክሮ ትንንሾቹን መያዣዎች አስሮ ስለያዛቸው ብቻ ነው። ሽፋኑን አንሥቼ ቅባት የሚያሟሟ ነገር ረጨሁበት፣ ጥቁሩ ፈሳሽ ወርዶ እስኪያልቅ እየገፋሁ እየለቀቅሁ ቆየሁ፣ በመጨረሻም ቀጭን ዘይት ጠብ አደረግሁበት። አሁን ሰባቱንም የኋላ ማርሾች አንድ በአንድ ይይዛል። ሦስቱን የፊት ማርሾች የሚቀይረው የግራው ወደ ትልቁ ጥርስ ሲወጣ ገና ይለግማል፤ አዲስ ሽቦ ገዝቼለታለሁ።