የደሴና የኮምቦልቻ ጤፍ፦ የ50 ሳምንት ምዝገባዬ የደረሰበት

የጤፍ ዋጋ ምዝገባዬ 50ኛ ሳምንቱን ስለሞላ፣ እንደ እኔ ኢኮኖሜትሪክስን (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመመርመር ትምህርት) በግላቸው ለሚማሩ ወዳጆች የደረስኩበትን ላካፍል። በየሳምንቱ ሰኞ እኔ ደሴ፣ እህቴ ኮምቦልቻ፣ የአንድ ኪሎ ሰርገኛ ጤፍ ዋጋ ከሦስት ሦስት ነጋዴዎች ጠይቀን መካከለኛውን እንመዘግባለን። የምንይዘው መጀመሪያ የሚጠራውን ሳይሆን ከክርክር በኋላ የሚቆረጠውን የመጨረሻ ዋጋ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ከሆነ፣ የጤፍ ገበያቸው አንድ ነው ወይ? በአንዱ ሲወደድ ነጋዴው ከሌላው ጭኖ መምጣት ስለሚችል፣ የዋጋው ልዩነት ከመኪናና ከጫኝና አውራጅ ወጪ ብዙ ርቆ መቆየት የለበትም።

መጀመሪያ የደሴን ዋጋ በኮምቦልቻ ዋጋ ላይ በቀጥታ ሪግሬስ አደረግሁ፤ ማለትም አንዱ ዋጋ ሌላውን ምን ያህል እንደሚከተል የሚገልጽ መስመር ገመትሁ። አር-ስኩዌሩም (መስመሩ የዋጋውን መዋዠቅ ምን ያህል እንደሚያብራራ የሚለካው) ቲ-ስታቲስቲኩም (ዝምድናው ከዕድል የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው) እጅግ ከፍተኛ ሆነው ስለወጡ፣ ገበያዎቹ የተሳሰሩ ናቸው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ችኩል ድምዳሜ ነበር፤ ሁሉም ነገር በሚወደድበት ዓመት የደሴን ጤፍ ከኮምቦልቻ ሲሚንቶ ጋር ባነጻጽረውም ተመሳሳይ ያማረ ቁጥር ሊወጣ ይችል ነበርና።

የኢኮኖሜትሪክስ ሊቃውንቱ ክላይቭ ግሬንጀርና ፖል ኒውቦልድ ይህንን ወጥመድ በ1974 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እኔም አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደገምኩት፦ ምንም የማይገናኙ፣ እያንዳንዱ እርምጃቸው በዕጣ የሚወሰን ሁለት ባለ 50 ሳምንት ተከታታዮች ፈጥሬ አንዱን በሌላው ላይ ሪግሬስ ማድረግ፣ ይህንንም ደጋግሞ ማካሄድ ነው። ከ100 ሙከራ በ5ቱ ገደማ ብቻ ሊሳሳት የሚገባው ፈተና፣ ከሙከራዎቹ በሁለት ሦስተኛው ገደማ የሌለ ዝምድና አለ አለኝ። ምክንያቱ የዚህ ሳምንት ስህተት ያለፈውን ሳምንት ስህተት ተሸክሞ መምጣቱ ነው፤ 50ው መረጃ እንደ 50 ነጻ ምስክር ስለሚቆጠር፣ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚለካው) ከእውነተኛው እጅግ አንሶ ይወጣል። አር-ስኩዌሩ ከደርቢን-ዋትሰን ቁጥር (ተከታታይ ስህተቶች መያያዛቸውን ከሚለካው) ከበለጠ ተጠራጠሩ የሚለው የእነርሱ ምክር፣ የእኔን የመጀመሪያ ውጤት በቀጥታ ይመለከት ነበር።

ቀጥሎ የሳምንት ለሳምንት ለውጦችን ብቻ አነጻጸርኩ። ዝምድናው በጣም ቀነሰ። ነገር ግን ይህም ሙሉ መልስ አይደለም፤ ነጋዴው ልዩነቱን አይቶ እህል እስኪያንቀሳቅስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከፈጀበት፣ የአንድ ሳምንት ለውጥ ያንን ሊያሳይ አይችልም። መመርመር ያለበት በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ እየሰፋ ይቀራል ወይስ ወደ ቦታው ይመለሳል የሚለው ነው፤ ሮበርት ኤንግልና ግሬንጀር በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የኮኢንቴግሬሽን ፈተና የሚያየውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ቦታ አለ። የዲኪ-ፉለር ፈተና (አንድ ተከታታይ ወደ ቦታው መመለሱን የሚመረምረው) ለ50 ምልከታ በ5 ከመቶ ደረጃ መቁረጫው −2.93 ገደማ ነው፤ ለማለፍ ቁጥሩ ከዚህ ማነስ አለበት። የሚፈተነው ቀሪ (መስመሩ ያላብራራው የዋጋው ክፍል) ግን ራሳችን ከገመትነው ሪግሬሽን የወጣ ከሆነ፣ ግምቱ ቀሪውን የተረጋጋ እንዲመስል ስለሚያደርገው መቁረጫው ወደ −3.46 ይወርዳል። የእኔ ቁጥር በሁለቱ መቁረጫዎች መካከል አረፈ፤ በተሳሳተው ሰንጠረዥ አልፎ በትክክለኛው ወደቀ። ምጣኔውን (የአንዱ ከተማ ዋጋ ከሌላው ጋር የሚንቀሳቀስበትን መጠን) ከመገመት ይልቅ 1 ነው ብሎ ከንድፈ ሐሳብ በመነሳት የሁለቱን ዋጋዎች ሎጋሪዝም ልዩነት በቀጥታ መፈተን ይቻላል፤ ያኔ −2.93 ተገቢ ይሆናል። ሞከርኩት፤ ለጥቂት አላለፈም።

ይህ ገበያዎቹ አልተሳሰሩም ማለት አይደለም። 50 ሳምንት ለእንዲህ ያለው ፈተና አቅም የሚሰጥ ርዝመት አይደለም፤ በዚያ ላይ በክረምቱ ወራት የተመዘገበው ሰርገኛ ጤፍ ጥራቱ በሁለቱ ከተሞች አንድ እንዳልነበረ እህቴ በኋላ ነግራኛለች። ስለዚህ ከዚህ ሰኞ ጀምሮ ከዋጋው ጎን ነጩንና ቀዩን ለየብቻ፣ እንዲሁም ከኮምቦልቻ ደሴ የአንድ ኩንታል የአይሱዙ ጭነት ሂሳብን እንመዘግባለን፤ ፈተናውንም 100ኛው ሳምንት ሳይሞላ አልደግመውም።