በቀዝቃዛው ሐይቅ ላይ የተሰጠን ዐሥር ደቂቃ

የእግዚአብሔር ስም ይባረክ። ከተራራ ሐይቅ ውስጥ በሕይወት ስላወጣን አምላክ ዝም ማለት ውለታ መብላት ይሆንብናል። ድንኳንና የዓሣ ማጥመጃ ጭነን ወደ ሐይቆቹ አገር ስንነሳ መኪናው አጠገብ ቆመን የጸለይነው መንገደኛ ሁሉ የሚጸልየውን ነበር፦ «በሰላም አድርሰን፣ በሰላም መልሰን።» መልሱን ያየነው ጀልባችን ተገልብጦ ሦስታችንም ውሃ ውስጥ ሳለን ነው። ነገር ግን ምስክርነታችን «ተረፍን» ብሎ ብቻ ቢያበቃ ነገ ወደዚያ ዓይነት ሐይቅ ለሚወጣ ሰው ብዙም አይጠቅመውም። ስለዚህ የራሳችንን ነገር አሳጥረን፣ ጌታ በምን በምን እንዳዳነን እንናገራለን።

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ብቻ። የተጫነ መኪና ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይያዝ እንጂ ፍሬን እየረገጡ አይውረዱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው የተለመደ የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ሳይይዝ ወለል ድረስ ይወርዳል። ከጉዞ በፊት ዘይቱን ማስቀየር ቀላል ሥራ ነው።

የተራራ ሐይቅ በጠዋት ያታልላል። ጎህ ሲቀድ ውሃው ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ የተራራው ምስል ሳይሰበር ይታይበታል፣ ትራውት ዓሣም በደብዛዛው ብርሃን ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይጠጋል። ፀሐይ ወጥታ ተዳፋቱን ስታሞቀው ግን አየሩ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። በምትኩ ከታች ከሸለቆው ያለው አየር ይሳባል፤ ሐይቁ የተኛው ደግሞ በዚያው ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ የነፋስ መንገድ ይሆናል። ከንጋቱ 12 ሰዓት አጥምዶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ዳር መውጣት የሚበጀው ለዚህ ነው። እኛን ያቆየን «አንድ ብቻ እንጨምር» የሚለው ቃል ነው።

የጀልባው ጥፋት ከመልሕቁ ነበር፤ ከኋላ ታስሯል። የትንሽ ጀልባ ኋላ ሞተሩን ይሸከማል፣ ሞተሩን የሚይዘውም ሰው እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ከውሃው በላይ የሚቀረው ግድግዳ ጥቂት ነው፤ ጠፍጣፋ በመሆኑም ማዕበሉን አይሰነጥቀውም፣ ይቀበለዋል እንጂ። መልሕቅ የሚታሰረው ሹል በሆነው በፊተኛው ጫፍ ነው። ገመዱ ደግሞ ነፋስ ባለበት ከጥልቀቱ 7 እጥፍ ያህል ይለቀቃል፤ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ 42 ሜትር ማለት ነው። ገመዱ ካጠረ ጀልባው ማዕበል ሲመጣ ከፍ እንዳይል ወደ ታች ይጎትተዋል። የእኛ 15 ሜትር ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ከኋላ ገብቶ ወለሉን ሞላው። ሁለተኛው ሲደርስ አንዱ ዓሣውን በመረብ ሊያነሳ ቆሞ፣ ሌላው ሊያግዘው በዚያው ጎን አዘንብሎ ነበር። ገመዱን የሚቆርጥ ቢላ ነበረን፤ ያለው ግን በተቆለፈው የመንጠቆ ሣጥን ውስጥ ነው።

ፀሐዩ ቆዳ በሚያቃጥልበት ቀን እንኳ የእንዲህ ዓይነት ሐይቅ ውሃ ከ10 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል። ደረት እንደነካው ሰውነት ሳይታዘዝ አየር በኃይል ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፍ ከውሃ በታች ከሆነ የሚሳበው ውሃ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ልያዘው ቢሉት እሺ አይልም። በዚያ ሰዓት ረጅም ጸሎት አይወጣም። «ጌታ ሆይ አድነን» ሦስት ቃል ናት፤ እሷም የወጣችው በሦስት ትንፋሽ ተከፋፍላ ነው።

የቅዝቃዜን ጉዳት ሲያጠኑ የኖሩት በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብሬክት ይህን ነገር 1-10-1 እያሉ ያስተምራሉ። ትንፋሽን ለመግዛት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በደንብ ለሚታዘዙበት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በብርዱ ራስን እስከ መሳት ደግሞ 1 ሰዓት። ልኩ እንደ ውሃውና እንደ ሰውየው ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ደቂቃ መዋኘት የለም፣ ዕቃ መሰብሰብም የለም። ፊትን ከውሃ በላይ ይዞ ትንፋሽ እስኪመለስ መጠበቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሰጥመው ሰውነቱ ገና ሳይቀዘቅዝ በዚህ ድንጋጤ ነው።

ፊታችንን ከውሃ በላይ የያዘልን ላይፍ ጃኬቱ ነው። ማለዳ ስንነሳ ከመካከላችን አንዱ «ማያያዣው ሁሉ ሳይቆለፍ ጀልባው አይገፋም» ብሎ ነበር፤ ሙቀት ነው ብለን አጉረመረምንበት። ዛሬ ስናስበው ጌታ መልሱን የሰጠን ገና ሳንጮኽ ነው። ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ለውሃ አይሆንም፤ በደነዘዘ ጣት ማያያዣ አይቆለፍም። ልኩን ለማወቅ ለባሹ ሁለት እጁን ያንሳ፣ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ሽቅብ ይሳብ። ጃኬቱ እስከ ጆሮ ከወጣ ላልቷል፣ ይጥበቅ። ውስጡ የተጻፈውንም ቁጥር ያንብቡ፤ ጃኬቱ ሰውን ወደ ላይ የሚያነሳበት ኃይል በኒውተን ተለክቶ ነው፦ 50 ኒውተን መዋኘት ለሚችልና ረዳት አጠገቡ ላለው ነው፣ 100 ለተከለለ ውሃ ነው፣ 150 ወፍራም ልብስ ለብሶ ወደ ሰፊ ውሃ ለሚገባ ይሻላል።

ከዚያ ዐሥሩ ደቂቃ መጣ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ ልብም «ዋኝ» ይላል። አይሆንም፤ ክንድ ከመንገድ ይከዳል። ወንበሩ ሥር ፎም ያለው ጀልባ ቢገለበጥም አይሰጥምና ከእሱ አለመለየት ነው። ውሃ የሰውን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ስለዚህ ነፋስ ቢኖርም ከውሃ የወጣ ደረት ትርፍ ነው። አንዱ በወዲያኛው ጎን ጀልባውን ሚዛን ይይዛል፣ ሌላው እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ እየመታ በሆዱ ይንሸራተትና ይወጣል፣ ከዚያ ቀሪውን በጃኬቱ ትከሻ ይዞ ይጎትተዋል። ይህ ሁሉ ጣት ሳይደነዝዝ መደረግ አለበት። ዘግይተን ብንጀምር ኖሮ ሦስተኛው ወንድማችን ባልወጣም ነበር።

ስልክ እዚያ አይሠራም። ጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለው ፊሽካ ግን ይሠራል፤ ውስጡ ኳስ የሌለው ዓይነት እርጥብም ሆኖ ይጮኻል። በተራራ የታወቀው የጭንቅ ምልክት በየ10 ሰከንዱ አንዴ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ነፍቶ አንድ ደቂቃ ዝም ማለትና መድገም ነው። የሰማ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል። ዝም የምንልባት ደቂቃ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ያለ እሷ ግን መልሱ አይሰማም። ከድንኳኑ በኩል ሦስቱ ድምፅ ሲመጣ ማን እንደነፋው አላወቅንም፣ ማን እንደላከው ግን አወቅን።

ዳር ላይ የሚፈጸም ስህተት ያተረፉትን ሰው ሊያሳጣ ይችላል። የቀዘቀዘ ሰው እንዲሞቀው ተብሎ አይሮጥም፣ እጅ እግሩም አይታሽም፤ በእጅና በእግር ያለው ቀዝቃዛ ደም ወደ ልብ ሲመለስ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ያስተኙት፣ ከሥሩ ፍራሽ ያንጥፉ፤ መሬት ሙቀት ይሰርቃልና። እርጥቡን ልብስ ቆርጠውም ቢሆን ያውልቁ፣ ደረቅ ልብስና ስሊፒንግ ባግ ያልብሱት፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው ደረቱና ብብቱ ላይ ያድርጉ። ኩባያውን ራሱ መያዝ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር ይጠጣ፤ አልኮል ግን ፈጽሞ። መንቀጥቀጡ አያስፈራዎ፣ ሰውነቱ እየታገለ ነው። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ግን አደጋ ነው፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

የጋዝ ምድጃ በብርድ ለምን እምቢ እንደሚል ይወቁ፦ ንጹሕ ቡቴን 0 ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ያቆማል፣ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ግን ይነዳል። ምድጃም ሆነ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝተው ሳሉ ይወስዳል። እኛን ያሞቀን የመኪናው ማሞቂያ ነው። ቁልፉ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ በአንዳችን አንገት ላይ በክር ታስሮ ስለነበር ከመረቡና ከዘንጎቹ ጋር ሐይቅ አልገባም።

ብርዱ አእምሮ ላይ መድረሱ በምላስ ይታወቃል፤ ሰውየው ይንተባተባል፣ ነገር ያምታታል። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስደገም ጥሩ መለኪያ ነው። ውሃ ውስጥ ብዙ የቆየውን ወንድማችንን ስንነሳ የጸለይነውን አስደገምነው። መጀመሪያ «አድርሰን» የምትለው ላይ ምላሱ ተሳሰረ። በአራተኛው ጊዜ «በሰላም አድርሰን፣ በሰላም መልሰን» አለ፣ በአንድ ትንፋሽ።