የንብ ዓይን ከተሰበረ ስክሪን

አጎቴ ከአዘዞ ወጣ ብለው ንብ ያንባሉ። «ደመና ፀሐይን ሲጋርዳት ንቦቼ መንገድ አይስቱም። በምን ያውቃሉ? እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ» ብለው አፋጠጡኝ። በአፍ ከማስረዳ ላሳያቸው አሰብኩ።

ጎንደር አራዳ ካለ ጥገና ቤት የተሰባበረ የላፕቶፕ ስክሪን በነጻ አገኘሁ። መስታወቱ ፊትና ጀርባ ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። የፊተኛውን ስንት ለፍቼ ላጥኩት፤ ለካ እንዳያብለጨልጭ ሻክሯል፣ ሰማዩን ጉም አስመሰለብኝ። የጀርባው ጥርት ያለ ነበር።

አመሻሽ ላይ ጎሃ ኮረብታ ወጣሁ። በፀሐይዋ አጠገብ አየሁ፣ ምንም። ጀርባ ሰጥቻት ወደ ምሥራቅ አየሁ፣ አሁንም ምንም። ልመለስ ስል ቀና ብዬ ፕላስቲኩን ባዞረው፣ ከአናቴ በላይ ያለው ሰማይ ጠቆር፣ ፈካ፣ ደግሞ ጠቆር አለ! የሰማይ ብርሃን ይበልጥ ፖላራይዝድ የሚሆነው፣ ማለትም ይበልጡን በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበው፣ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ነው። የሚርገበገብበት አቅጣጫ ደግሞ ፀሐይ በየት መስመር እንዳለች ይጠቁማል።

ንብ ግን ምንም አታዞርም። በዓይኗ የላይኛው ጠርዝ ባሉ ህዋሳት ውስጥ ጥቃቅን ቱቦዎች እንደ ብሩሽ ጸጉር በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል። የያዙት ሮዶፕሲን የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን በዚያው አቅጣጫ የሚርገበገበውን አልትራቫዮሌት (ለእኛ የማይታየንን ብርሃን) አብልጦ ይውጣል። ጎረቤቶቻቸው በ90 ዲግሪ ይሻገሯቸዋል፤ ዓይኗ ሁለቱን ታነጻጽራለች። በቀረው የዓይኗ ክፍል ህዋሳቱ ስለሚጠማዘዙ ይህ ችሎታ የለም። ደግ ተደረገ፤ አለዚያ የቅጠል ነጸብራቅ ቀለም ባዛባባት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል የተሸለመው የንብ ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ ንብ የሰማዩን ፖላራይዝድ ብርሃን እንዴት ልታይ እንደምትችል ለማሳየት ስምንት ሦስት ማዕዘን ማጣሪያዎችን በኮከብ ቅርጽ ገጥሞ ነበር። እኔም ቆረጥኩ፤ ግን አቅጣጫቸውን ምልክት ሳላደርግ፣ ስለዚህ የሚጠቁሩት በዘፈቀደ ሆነ። አንድ ሉክ ባከነ። በሁለተኛው መጀመሪያ እርጥብ ወለል ላይ ያለውን ነጸብራቅ አየሁበት፤ ነጸብራቁ ሲጠፋ ብርሃን የሚያሳልፍበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ያንን ይዤ እያንዳንዱን ቁራጭ አቅጣጫው ከመሃል ወደ ጫፍ እንዲሆን ገጠምኩ።

አጎቴ ኮከቡን ወደ አናታቸው አነሱ። ምዕራቡ ደመና ነበር። ትይዩ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጠቆሩ፤ አንዱ ወደ ተደበቀችው ፀሐይ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። አዩትና፣

«በየትኛው ናት ታዲያ?»

ፕላስቲኩ ይህን አይመልስም። ንቧ በሰማዩ ድምቀትና ቀለም እንደምትለይ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ኮከቡን አስቀምጠው ፈካ ወዳለው የደመና ጫፍ ጠቆሙ።

«በዚያ ነዋ» አሉ።